ጥድ አይበሰብስም ከተባለ የአጥሩ ቋሚ ለምን በ4 ክረምት ወደቀ?

ይህ ስለ እንጨት የተካሄደ የአንድ ውይይት ክር፣ ማለትም በተራ የተጻፉ ጥያቄና መልሶች፣ ማጠቃለያ ነው። የመክፈቻው ጽሑፍ የመጣው ከሱሉልታ ነው። ጸሐፊው ለአጥር የቆመ ቀጥ ያለ የጥድ ቋሚ በ4ኛው ክረምት መሬቱ ልክ ላይ በስብሶ እንደወደቀ ገልጾ፣ አባቶች ጥድ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ሲሉ የኖሩት ከምን ተነስተው ነው ሲል ጠየቀ። በጥያቄ ብቻ ግን አላበቃም። የዘንድሮ ጥድ የድሮው ጥድ አይደለም፣ አገር በቀል እንጨት ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በባህር ዛፍ ይሠራ የሚል አቋም ጨመረበት። ክሩን ያረዘመው ይህ አቋም ነው። መልሶቹን በቁጥራቸው ተራ አስፍሬያለሁ፤ ሙያው ባለበት ቦታ ላይ ረዘም አድርጌ ቆሜያለሁ።

1ኛው መልስ ሰላምታ አስቀድሞ ወደ ምርመራ ገባ። የቋሚው ውፍረት ስንት ነው? አፈሩ ምን ዓይነት ነው? የተቆረጠው በየትኛው ወር ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሰበረውን ጫፍ አገላብጠህ እይ፣ ቀዩ ነው የበሰበሰው ወይስ ነጩ? ጥሩ አጠያየቅ ነው። ብዙ ሰው መልስ ለመስጠት ይቸኩላል እንጂ እንጨቱን አይመለከትም።

2ኛው የጠያቂው ምላሽ ነው። ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር፣ አፈሩ መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ የተቆረጠው በክረምት። የተሰበረው ጫፍ ዙሪያውን እንደ ረጠበ ቡላ በጣት ይፈረፈራል፤ መሀሉ ላይ ግን አውራ ጣት የምታክል ቀይ ዘንግ እንደ ምስማር ቀጥ ብላ ቀርታለች፤ በቢላ ሲፍቋት እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ሽታ ይወጣታል።

መልሱ ያለው እዚያችው ዘንግ ላይ ነው፤ 3ኛው ጸሐፊም ይህንኑ ነው ያስረዳው። ምስጥም ሻጋታም የሚፈራው የጥድን ቀይ ልብ ነው። በቅርፊቱና በልቡ መካከል ያለው ነጭ ክፍል ከማንኛውም ተራ እንጨት የተሻለ ዕድሜ የለውም። ዛፉ ወጣት ሳለ አብዛኛው አካሉ ነጭ ነው፤ ልቡ የሚሰፋው ከዕድሜ ጋር ነው። 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥድ ማለት እንግዲህ በጥድ ስም የተሸጠ ነጭ እንጨት ነው። የድሮው የአጥር ቋሚ ዘመን ያስቆጠረው ከትልቅ ግንድ በሽብልቅ እየተፈለጠ ስለሚወጣ፣ ሙሉ በሙሉ ቀይ ስለነበር ነው። የዛፉ ዘር አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምንቆርጥበት ዕድሜ ነው። መፍትሔ ብሎ ያቀረበውም ግልጽ ነው፦ መሬት የሚገባው ክፍል ቀዩ ብቻውን ከ10 ሳንቲ ሜትር የማያንስ እንጨት መምረጥ፣ ዙሪያውን ያለውን ነጭ ከመትከል በፊት በምሳር ጠርቦ መጣል። ነጩ ከተተወ ውሃ እንደ ጨርቅ እየመጠጠ ልቡን ዘወትር እርጥብ ያደርገዋል።

4ኛው መልስ ይህን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ አንድ ነገር አረመ። ቀይ ልብ ቢሆንም የሚበሰብሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከመሬቱ ገጽ ትንሽ ከፍና ዝቅ ብሎ። ጥልቀት ውስጥ አየር የለም፣ ከላይ ደግሞ ይደርቃል፤ እርጥበትና አየር የሚገናኙት እዚያች ጋር ነው። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በአቃቂ በኩል ያለው መረሬ ጉዳዩን ያባብሰዋል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ዝናቡን ቀጥታ ወደ እንጨቱ እግር ያወርዳል። ስለዚህ ጉድጓዱ 70 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፤ ከታች ጠጠር ይግባ፤ እንጨቱ ከቆመ በኋላ ዙሪያው በተቆፈረው ጥቁር አፈር ሳይሆን በጠጠርና በቀይ አፈር ድብልቅ በ15 በ15 ሳንቲ ሜትር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። መጨረሻ ላይ አፈሩ በእንጨቱ ዙሪያ ጉብ ብሎ ይቅር፤ ውሃ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ አይፍሰስ። የእንጨቱ ራስም በሰያፍ ይቆረጥ። ጠፍጣፋ ራስ ውሃ ያቁርና ከላይ ወደ ታች መበስበስ ይጀምራል።

5ኛው የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት እንደሚበቃ ጻፈ። 6ኛው በትሕትና አስተካከለው፦ ዘይቱ ገጽ ላይ ይቀራል፣ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ከ2 ክረምት በኋላ ታጥቦ ሄዶ አፈሩን ያበላሻል። ጫፉን በእሳት ለብለብ ማድረግም ቢሆን እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ የሚገባው ውሃ ከሰሉ ካስገኘው ጥቅም የበለጠ ይጎዳል። 7ኛው ግን ትሕትና አላስፈለገውም። እንጨት በሲሚንቶ የሚተክል ሁሉ ለእንጨቱ የውሃ ጽዋ እየሠራለት ነው ብሎ ተቆጣ። ሲሚንቶው ከመሬት በታች ካለቀ ነገሩ እውነት ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ክፍተት ይፈጠራል፣ ክፍተቱ ውሃ ይይዛል። ሲሚንቶው ከመሬት ወጣ ብሎ ዙሪያውን ተዳፋት ሆኖ ከተለሰነ ግን ችግሩ ይቀንሳል። ቁጣው ይህን ሊያስረሳው አይገባም ነበር።

8ኛው መልስ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ነው። 3ኛው ስለ ጥድ የተናገረውን ሰው በጅምላ ወደ ባህር ዛፍ እንዳይወስደው አስጠነቀቀ። መድኃኒት፣ ማለትም መበስበስን የሚከላከል ኬሚካል፣ የሚነከር የባህር ዛፍ ምሰሶ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ መድኃኒቱን የሚጠጣው ነጩ ነው፣ ልቡ አይቀበለውም። ለመነከር የተዘጋጀን ምሰሶ ነጩን የጠረበ ሰው ጋሻውን አውልቆ ጣለ ማለት ነው። ደግሞም ምሰሶው ተልጦ በደንብ ካልደረቀ መድኃኒቱ አይገባም፤ ውስጡ በውሃ ተይዟልና። ያልተነከረ ባህር ዛፍ መሬት ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ለቤት ቋሚነት የሚበቃው ከድንጋይ መሠረት በላይ ቆሞ፣ ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ከዝናብ ሲጠብቀው ብቻ ነው።

ይህን ያነበበው 9ኛ ጸሐፊ ታዲያ ከአሮጌ የመብራት ምሰሶ የተረፈ ቁራጭ ለምድጃ ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀ። 10ኛው ሳይውል ሳያድር መለሰለት፣ ቃሉም የከረረ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ መክረሩን እደግፋለሁ። መድኃኒት የገባበት እንጨት ጭሱ መርዝ ነው። ለምድጃም፣ ለምጣድም፣ ለዕቃ ማጠኛም፣ ለከብት መመገቢያ ገንዳም አይሆንም። ጥቁር ቅባት የያዘ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው ቁራጭ ካለ ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከአጥር ወጥቶ ወደ እርሻ ዕቃ ገባ። 11ኛው ጸሐፊ ከሆለታ አቅጣጫ ነው። የመክፈቻውን አቋም፣ ሁሉም በባህር ዛፍ ይሠራ የሚለውን፣ በአንድ ሞፈር ብቻ አፈረሰው። ሞፈሩ ራሱ 3 ሜትር ያህል ርዝመትና ቀጥ ማለት ስለሚፈልግ ባህር ዛፍ ቢሆን ምንም አይደለም። ድግሩ፣ አፈሩን ወደ ጎን የሚገፋው ጠፍጣፋ እንጨት፣ ግን ቀኑን ሙሉ ከአፈርና ከድንጋይ ጋር የሚፋተግ ነውና ወይራ ወይም ግራር ይሻል፤ ባህር ዛፍ ድግር ቃጫው እየተነሳ ይሰነጠቃል። እርፉ፣ አራሹ የሚይዘው እጀታ፣ መጠነኛ ቆልመም ያለ መሆን አለበት፤ ቀጥ ያለውን እንጨት ከመጥረብ በተፈጥሮው የጎበጠውን መፈለግ ይበልጣል፣ ተጠርቦ የጎበጠ እርፍ ቃጫው የተቆረጠበት ቦታ ላይ ይሰበራልና። ወገሉ፣ ክፍሎቹን አንድ ላይ የሚይዘው የብረት ቀለበት፣ ሲላላ የሚያጠብቀው ሽብልቅም ከደረቀ ወይራ ይሁን። እርጥብ ሽብልቅ ጠዋት ጠብቆ ከሰዓት ይወድቃል።

11ኛው ቀንበርንም ከወይራ ይሠራ ስላለ ግን 12ኛው አረመው። ጋሼ ብሎ ነው የጀመረው፣ አክብሮቱን ሳያጓድል። ቀንበር በበሬ ጫንቃ ላይ የሚውል ዕቃ ስለሆነ መጀመሪያ ቀላል መሆን አለበት፤ ብሳና ወይም ዋንዛ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ርዝመቱ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር፣ ማነቆ፣ የበሬውን አንገት ግራና ቀኝ የሚይዘው ዘንግ፣ የሚገባባቸው 4 ቀዳዳዎች፣ መሀሉ ላይ ምራኑ፣ ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረው ጠፍር፣ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጉብታ። የሚጠረበው ገና እርጥብ ሳለ ነው። በፀሐይ ግን አይደርቅም፤ ሞራ ተቀብቶ ጥላ ውስጥ ይሰነብታል። ጫንቃው ላይ የሚያርፈው ገጽ ጣት ሲያልፍበት ምንም ሳይኮሰኩስ መላግ አለበት፤ በጣት የተሰማ እሾክ በሬው ላይ በሳምንት ውስጥ ቁስል ይሆናል፣ ቆስሎ የተጠመደ በሬ ደግሞ አንገቱን እየሸሸ ትልሙን ያጣምማል። ማነቆዎቹ ብቻ ጠንካራ እንጨት ይሁኑ፤ ክትክታ ለዚህ ይስማማል። 11ኛው በኋላ ተመልሶ እርማቱን ተቀብሏል።

13ኛው ስለ ዛቢያ፣ ስለ መሣሪያ እጀታ ነው። የምሳርና የዶማ ዛቢያ ወይራ መሆኑን ማንም አይከራከርም፤ ሰው የሚሳሳተው አዘገጃጀቱ ላይ ነው። በመጋዝ የተሰነጠቀ ዛቢያ ቃጫው በየቦታው ስለሚቆረጥ በመጀመሪያው ከባድ ምት ይሄዳል፤ መፈለጥ ነው ያለበት፣ ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲወርድ። አሮጌ የወይራ ግንድ የተጠማዘዘ ስለሚሆን ከጉቶው የበቀለ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ይመረጣል። ልጡ ተልጦ ጥላ ውስጥ ቢያንስ 3 ወር ይቆይ። እርጥቡን ምሳር ውስጥ የከተተ ሰው እንጨቱ ሲኮማተር ምሳሩ ይወልቅበታል፤ ያን ጊዜ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ውሃው ለዕለቱ ያጠብቃል፣ ነገር ግን ያበጠው እንጨት ብረቱ ውስጥ ይጨፈለቅና ሲደርቅ ከበፊቱ ብሶ ይላላል። ብረቱ ወልቆ ቢበር ሰው ይገድላልና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

14ኛው፣ እንጦጦ ላይ ዋንዛ ተክሎ ለከበሮ ማድረስ ይቻል እንደሆነ ለጠየቀ ሌላ ሰው የተሰጠ መልስ ነው። አይሆንም። ዋንዛ ከ2500 ሜትር በላይ እምብዛም አይመቸውም፤ እንጦጦ ደግሞ 3000 ሜትር ይደርሳል። እዚያ የሚስማሙት ጥድ፣ ኮሶና ወይራ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ዋንዛ የሚሆነው እንጨቱ ቀላል ስለሆነ፣ ሲቦረቦር ስለማይሰነጠቅና ቁርበቱ በጠፍር ሲወጠር ጉልበቱን ስለሚችል ነው። ለሙቀጫም ይሆናል፣ ለዘነዘናው ግን ወይራ።

ከ15 እስከ 18 ያሉት ስለ ማጠን ናቸው፤ እዚህ ላይ ሴቶቹ ገቡ፣ ክሩም ነፍስ ዘራ። 15ኛዋ የወተት ዕቃ አስተጣጠንን ደረጃ በደረጃ ጻፈች። ቅሉ ታጥቦ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ጠብታ እስኪያጣ ይደርቃል። ጣት የሚያክሉ 3 ወይም 4 የደረቁ የወይራ ፍልጦች፣ ቅርፊታቸው ተልጦ፣ ጫፋቸው ፍም እስኪሆን ይለኮሳሉ፤ ነበልባሉ በእፍታ ይጠፋል። ፍሙ ቅሉ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ጭሱ ግድግዳውን ሁሉ እንዲያገኘው ይወዘወዛል። 2 ወይም 3 ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ ከሰሉ ተራግፎ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ በውሃ አይለቀለቅም። እርጥብ ዕቃ የታጠነ እንደሆነ ጭሱ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ጥላሸት ይለጥፋል፣ እርጎውም ይመርራል። ቅርፊት ያልተላጠለት ወይራም እንዲሁ። በትክክል የታጠነ ዕቃ ወተቱን መዓዛ ከመስጠት አልፎ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርገዋል፤ ጭሱ ዕቃው ውስጥ የተደበቀውን ተሕዋስ ያዳክማልና።

16ኛዋ ከሰበታ፣ የጠላውን ጋን ጨመረች። በግራዋ ቅጠል እየታሸ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ይታጠባል፤ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። የወይራው ፍም ገል ላይ ይደረግና ጋኑ አፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ትንሽ አየር እንዲያገኝ በድንጋይ ደገፍ ብሎ ይደፋበታል። ውጪው በእጅ ሲዳሰስ ሞቅ እስኪል ይቆያል። ነበልባል ከተነሳ ውስጡ ይጠቁራልና መጠበቅ ያስፈልጋል። ስህተቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ትኩስ ጋን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰች ሴት ጋኑን ከስር ስንጥቅ ሲል ትሰማዋለች።

17ኛው ጸሐፊ ወይራ ከተወደደ ባህር ዛፍም ያው ጭስ ነው አለ። 18ኛዋ አልማረችውም። ባህር ዛፍ ዘይት አለው፤ የታጠነበት ዕቃ ለወራት የጉንፋን መድኃኒት ሲሸት ይኖራል፣ ወተቱም ለውሻ እንኳ አይሰጥም። ወይራ ከጠፋ ጥንጁት አለ፣ እሱም ከጠፋ ዕቃውን በፈላ ውሃ አጥቦ መተው ይሻላል። ባህር ዛፍ የሚበልጥበት ቦታ ምጣድ ሥር ነው፤ የደረቀ ቅጠሉ ነበልባሉን ሰፋ አድርጎ ስለሚያዳርስ እንጀራው ዓይን በእኩል ያወጣል። ሁሉም ዛፍ የየራሱ ሥራ አለው የሚለውን የ11ኛውን ሐሳብ በምሳሌ ያጸናችው እሷ ነች።

ይህን ጊዜ ነው 19ኛው ክሩን ያጋጋለው። ባህር ዛፍ ምንጭ አድራቂ፣ አፈር ጨራሽ፣ አገር በቀሉን ያጠፋ ባዕድ ነው፣ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክርበታል ብሎ ጻፈ። 20ኛው መለሰ፣ እሱም እንደ እሳት ሆኖ። ባህር ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲገባ ደኑ ቀድሞ ተመንጥሮ ነበር፤ የማገዶ እጦት ብሶ ንጉሡ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። አዲስ አበባ እንደ ቀደሙት መናገሻዎች ተነቅላ ያልሄደችው በዚህ ዛፍ ነው። ጥዱን የጨረሰው ባህር ዛፍ ሳይሆን ምሳር ነው። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ምንጭ አጠገብና እርሻ ድንበር ላይ የተተከለ ባህር ዛፍ ውሃውን ይሻማል፣ ሥሩም ወደ ማሳው ይገባል፤ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ራቅ ብሎ የተተከለ ግን ለጥዱም ፋታ ይሰጠዋል፣ ማገዶ ፈላጊው ወደ እሱ ስለሚሄድ።

ጠቡን ያበረደው 21ኛው ነው፣ ከርዕስ በመውጣት። ባሕር ከተነሳ ብሎ የጣናን ታንኳ አነሳ፤ የትኛው እንጨት ነው ውሃ የማያበሰብሰው ሲል ጠየቀ። 22ኛው ባጭሩ አረመው፤ የጣና ታንኳ እንጨት ሳይሆን ደንገል ነው፣ የሚንሳፈፈውም ሣሩ ውስጡ አየር ስለያዘ ነው። ውሃ መምጠጡ አይቀርምና በተሠራበት ቁጥር ከውሃ ወጥቶ ቆሞ ካልደረቀ ቶሎ ይከብዳል። ስለ ደንገል ብዙ የሚባል ነበር፣ ሌላ ክር ቢከፈትለት እወዳለሁ።

23ኛው የሁላችንንም ትኩረት ወደ ሕጉ መለሰ። ትልቅ ጥድ ይቆረጥ የሚለው ምክር እንዲሁ ልቅ ሆኖ እንዳይቀር አሳሰበ፤ ትክክል ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከመንግሥትና ከተጠበቀ ደን እንዳይቆረጡ በ1986ቱ የደን አዋጅ በስም ተጠቅሰው ነበር፤ የኋላ አዋጆችም ጥበቃውን አላነሱም። ከመናገሻ ሱባ ደን የወጣ ቋሚ በርካሽ ተገኘ ብሎ የሚገዛ ሰው የዘረፋው ተካፋይ ነው። ቀይ ጥድ የሚፈልግ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ወራጅና ምሰሶ ይፈልግ፤ ምስማሩ ይነቀል፣ በመሮ ፋቅ ተደርጎ ቀለሙና ሽታው ይታይ። 50 ዓመት ጣሪያ ሥር የከረመ ልብ ደርቆ ያበቃ ስለሆነ አይጣመምም።

24ኛው ጠያቂው ነው። የዘንድሮ ጥድ የድሮው አይደለም ያለውን ሰርዞ፣ የዘንድሮ ቋሚ የድሮው አይደለም ብሎ አስተካከለው። አሁን የቀረው ጥያቄ በግቢው ያለው ባህር ዛፍ ነበር፤ ለአጣናና ለማገር ሲቆረጥ ጉቶው እንዳይሞት ምን ይደረግ?

25ኛው መለሰለት። በበጋ ይቆረጥ፤ በክረምት ልጡ በቀላሉ ቢላቀቅም እንጨቱ ሳይደርቅ ይሻግታል፣ ነቀዝም ያገኘዋል። ጉቶው ከመሬት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቅር፣ ከፍ ያለ ጉቶ የሚያበቅለውን ነፋስ ይገነጥለዋል። ቁርጡ በሰያፍ ይሁን፣ ቅርፊቱ ከግንዱ እንዳይላቀቅ ምሳሩ ይሳል፤ አዲሱ ቅርንጫፍ የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ነውና። ብዙ ይበቅላል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ጠንካሮቹ 2 ወይም 3 ይቀሩና ሌላው ለጨፈቃ ይቆረጥ። የተቆረጠው አጣና በዚያው ሳምንት ይላጥ፣ ድንጋይ ላይ እየተመሳቀለ ጥላ ሥር ይከመር፣ ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ በጭቃና በእበት ይለቅለቁ።